ኦቲዝም ያለበት ሰው ቤተሰብ፦ ከምርመራው ቀን እስከ እርጅና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች፣ እህት ወንድሞችና ዘመዶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ኦቲዝም በሽታ ነው? ይድናል?

በሽታ አይደለም፤ ስለዚህ "ዳነ፣ አልዳነም" የሚለው ነገር አይገጥመውም። ኦቲዝም አንጎል ከመጀመሪያው በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው። ከሰው ጋር መግባባት ይለያል። ለውጥን መቀበል ይከብዳል። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ልብስ ሳይቀር ሌላው ሰው ከሚሰማው አብዝቶ ወይም አሳንሶ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል፤ እናንተ ቤት ብቻ የገባ ጉድ አይደለም።

አንዱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይይዛል፤ ሌላው በ30 ዓመቱም መጸዳጃ ቤት የሚያግዘው ሰው ይፈልጋል። ሁለቱም ኦቲዝም አለባቸው። ስለዚህ የእገሌ ልጅ እንዲህ ሆነ ብላችሁ የራሳችሁን ልጅ አትለኩበት። ልጁ ይማራል፣ ይለወጣል፣ ዛሬ የማይችለውን ነገ ይችላል፤ ኦቲዝሙ ግን አብሮት ያረጃል። ይህን ቀድሞ ማወቁ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ነገሩ በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎ የተነሳ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጉልበቱንም ገና ልጁ 6 ዓመት ሳይሞላው ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ገና 60 ዓመት አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው? እርግዝና ላይ ያደረግኩት ነገር ይሆን?

አይደለም። ይህን አብዝተው የሚጠይቁት እናቶች ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ከወላጆቻቸው ብዙዎቹ ቀዝቃዛ ሰዎች እንደሆኑ አብሮ አነሳ። የሥነ ልቦና ጸሐፊውን ብሩኖ ቤትልሃይምን የመሰሉ ሰዎች ነገሩን አጋነኑትና "እናቱ ስላልወደደችው ነው" የሚለው ወሬ ለዓመታት እንደ ሳይንስ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ወሬ ከተሟገቱት ዋነኛው ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው በርናርድ ሪምላንድ። ጉዳዩ የአስተዳደግ ሳይሆን የአንጎል ነው አለ፤ ልክም ነበር።

ዛሬ እንደሚታወቀው ትልቁ ድርሻ የዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አምስት አገሮችን ያካተተ ጥናት ድርሻውን 80 በመቶ አካባቢ አድርጎታል። አንድ ጂን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጂኖች ናቸው። ክትባት አይደለም፦ ወሬውን ያስነሳው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ 12 ልጆችን ብቻ ይዞ የተጻፈ ነው፤ በ2010 ያሳተመው የሕክምና መጽሔት ሰረዘው፣ ዌክፊልድም ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ምንም ግንኙነት አላገኘም። ስልክና ቴሌቪዥንም ኦቲዝም አያመጡም። (ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ይዋል ማለቴ ግን አይደለም።)

"ሌላ ብንወልድስ?" ለሚሉ፦ አንድ ልጅ ኦቲዝም ካለበት ቀጣዩም የሚኖርበት ዕድል 20 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን አውቆ መወሰን የእናንተ ነው፤ የማንም ምክር አያስፈልገውም።

ምርመራው ገና ወጣልን። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ እንቅልፋችሁን አስተካክሉ። ቀልዴን አይደለም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት የእንቅልፍ ችግር አለባቸው፤ ልጅ ካልተኛ ወላጅ አይተኛም፤ ያልተኛ ወላጅ ደግሞ ምንም ቴራፒ (የንግግርም ሆነ የባህርይ ሥልጠና) ሊያስቀጥል አይችልም። ስለዚህ ሐኪሙ ጋር ስትቀርቡ ከንግግሩ በፊት እንቅልፉን አንሱ። የመስማት ምርመራ ካልተደረገለትም አስደርጉ።

ቀጥሎ፣ ወረፋ እየጠበቃችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ወላጅ ራሱ ቢሠለጥን ብዙ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም እንዲሰጠው ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚያስተምረው ነገር ሲያዩት ተራ ይመስላል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለህ ልጁ በያዘው ነገር አብረኸው ተጫወት፣ አጭር ቃል ተናገር፣ ከዚያ ጠብቅ። መጠበቁ ነው የሚከብደው፤ እኛ ወላጆች ልጁ መልስ ሳይሰጥ እኛው መልሰን ቁጭ ነው።

አንድ ደብተርም ጀምሩ። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማው፣ የትኛው ባለሙያ ምን እንዳለ ጻፉበት። በየቢሮው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ከመድገም ያድናችኋል።

አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አትናገርም። ተስፋ ልቁረጥ?

አይ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በ4 ዓመታቸው ንግግራቸው እጅግ የዘገየ 535 ልጆችን አይቶ ነበር፤ 8 ዓመት ሲሞላቸው 70 በመቶዎቹ ቃላት ቀጣጥለው ይናገሩ ነበር፣ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ አቀላጥፈው። የቀሩትስ? እነሱም የሚሉት ነገር አላቸው፤ መንገዱ ብቻ ሌላ ነው። ሥዕል፣ የእጅ ምልክት፣ ሲነኩት የሚናገር ታብሌት።

"ሥዕል ካስለመድናት ለመናገር ትሰንፋለች" የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። እንዲያውም መልእክቷ ሲደርስላት ንዴቷ ይቀንሳል፣ ንግግሩም አንዳንዴ ተከትሎ ይመጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ እጇን ወይም ክርኗን ደግፌ እየያዝኩላት "እሷ ጻፈችው" የሚል ሰው ከመጣ ራቁት። ይህ ዘዴ በተደጋጋሚ ተፈትኖ የሚጽፈው ደጋፊው ራሱ፣ ያውም ሳያውቀው፣ እንደሆነ ታይቷል።

ሰው መሃል ይጮሃል፣ ይወድቃል፣ ራሱን ይመታል። ምን ላድርግ?

ሁለት ነገር አለ፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንዱ የፈለገውን ለማግኘት የሚያለቅስ ልጅ ነው፤ ይህ ሲያገኝ ያቆማል፣ እያለቀሰም በጎን እያያችሁ ነው። ሌላው ድምፁ፣ ግርግሩና ለውጡ ተደራርቦ አቅሙን ያለፈበት ልጅ ነው። ይህኛው የጠየቀውን ብትሰጡትም አይቆምም፤ ምክር አይሰማም፣ ቅጣት ደግሞ ያባብሰዋል። እዚያች ሰዓት ላይ ሥራችሁ ትንሽ ነው፦ ንግግር ቀንሱ፣ ጸጥ ወዳለ ቦታ ውሰዱት፣ ራሱን እንዳይጎዳ ጠብቁት፣ እስኪያልፍ ቁሙ። የሚያየው ሕዝብስ? ይይ። "ኦቲዝም አለበት፣ ትንሽ ቦታ ስጡን" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ ለማንም ዕዳ የለባችሁም።

እንዲህ ያለ ነገር ያልነበረበት ልጅ ድንገት ከጀመረ ግን መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት። "እዚህ ጋ ያመኛል" ማለት የማይችል ሰው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር በማጋጨት ሊናገረው ይችላል፤ ይህ በ4 ዓመቱም በ40 ዓመቱም እውነት ነው፣ እና የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ "ኦቲዝሙ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞል የተባሉት መድኃኒቶች ለከባድ ቁጣና ራስን መጉዳት ይታዘዛሉ፤ ኦቲዝሙን ራሱን አይለውጡም፣ ክብደት መጨመርን የመሰለ ጣጣም አላቸው። ለሐኪም ጥርሱን ሳያሳዩ መድኃኒት መጀመር ግን ነገርን ከጭራው መያዝ ነው።

በር ክፍት ካገኘ ይጠፋል። እኛ ቤት ብቻ ነው?

ኧረ በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸውና 4 ዓመት ካለፋቸው ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ቢያንስ አንዴ ጠፍተው ወይም ሊጠፉ ሞክረው ነበር። ትልቁ አደጋ ውኃ ነው። ከጠፋ መጀመሪያ የምትሮጡት በአቅራቢያ ወዳለው ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ገንዳ ይሁን፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል። ሳይጠፋ በፊት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ ስልክ ቁጥር ያለበት የእጅ ማሰሪያ፣ የዋና ትምህርት። ጎረቤቶቻችሁም ልጁን በመልክ ይወቁት፤ የመደበቅ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

እኔ አክስት ነኝ። ምን ብረዳቸው ይሻላል?

"የምትፈልጉት ነገር ካለ ንገሩኝ" አትበያቸው። አይነግሩሽም። ደክሞት የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አስቦ፣ ለማን እንደሚሰጥ መርጦ፣ ደውሎ ለመለመን አቅም የለውም። "ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እኔ ጋ ይሁን፣ እናንተ ውጡ" በያቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ እናቱ ባለችበት አብረሽው ዋይ፣ ይልመድሽ።

ሌላው፣ መጥራታችሁን አታቁሙ። ሦስት ጊዜ ቢቀሩም አራተኛውን ጥሯቸው። "ይረብሻቸዋል ብለን ነው" በሚል ደግነት ስንቱ ቤተሰብ ብቻውን ቀርቷል። "እንዲህ አድርገውት ዳነ" የሚል ቪዲዮ አትላኩ። ልጁንም ራሱን አናግሩት፤ ባይመልስም ይሰማል፣ ፊት ለፊቱ ስለሱ እንደ ዕቃ አታውሩ።

ሌሎቹ ልጆቼ እየተጎዱ ይሆን?

የሚጎዱት ወንድማቸው ኦቲዝም ስላለበት አይደለም፤ ማንም ምንም ስለማይነግራቸውና ጊዜ ስለማያገኙ ነው። የ4 ዓመት ልጅ "ወንድምህ ጫጫታ ጆሮውን ያመዋል" የሚለውን ይረዳል። ሲያድጉ ይጨመርላቸው። በሳምንት አንድ ሰዓትም ብትሆን የነሱ ብቻ የሆነች ሰዓት ትኑር፤ ስለ ወንድማቸው የማይወራባት። ያፍሩ፣ ይናደዱ፤ "አይባልም" ብላችሁ አትድፈኑባቸው።

በተለይ ለትልቋ ሴት ልጅ ልጠንቀቅላት። "አንቺ እኮ ሁለተኛ እናቱ ነሽ" የሚባለው ምስጋና ይመስላል እንጂ ሳይጠይቁ የሚጫን ሥራ ነው። በ10 ዓመቷ ተጭኖባት በ25 ዓመቷ አገር ጥላ የምትሄደው ጨካኝ ስለሆነች አይደለም።

ደክሞኛል። አንዳንዴ ጥዬው ብጠፋ ያሰኘኛል። ክፉ እናት ነኝ?

አይደለሽም። ብዙዎች ያስቡታል፣ ጥቂቶች ናቸው የሚናገሩት። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከሌሎች ወላጆች ይበልጥ ለድብርትና ለጭንቀት እንደሚጋለጡ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አባቶችም እንዲሁ፤ እነሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራ ውስጥ ገብተው ይደበቁበታል፣ ቤት ውስጥ "አይረዳኝም" የሚለው ፀብም ከዚያ ይነሳል።

እረፍት ሽልማት አይደለም፣ የልጁ እንክብካቤ አንድ ክፍል ነው። ቴራፒውን በሳምንት በአንድ ቀን ቀንሶ በዚያ ቀን መተኛት ለልጁም ይጠቅመዋል ብል ባለሙያዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን እላለሁ። እንደናንተ ያሉ ወላጆችን ፈልጉ። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 የአገሪቱን የኦቲዝም ማኅበር የመሠረቱት ወላጆች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሐኪሟ ሎርና ዊንግ ናት፤ ልጇ ኦቲዝም ነበረባት። በኋላ ዓለም ኦቲዝምን የሚረዳበትን መንገድ የለወጠችው እሷ ናት። የናንተ ቡድን ታሪክ ላይሠራ ይችላል፤ ስታለቅሱ "ገባኝ" የሚል ሰው ካለበት ይበቃል።

ሐሳቡ ግን "ብጠፋ" ከሚለው አልፎ ራስን ወይም ልጁን ወደ መጉዳት ከሄደ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩና ሐኪም ጋ ሂዱ። ለነገ አይባልም።

"ይህ ያድናል" የሚሉኝን ሁሉ ልሞክር? ምን ይጎዳል?

ይጎዳል። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የተባለው "ተአምረኛ ጠብታ" ማንጪያ ኬሚካል ነው፤ የልጅ አንጀት ያቃጥላል። ከደም ውስጥ እንደ ሜርኩሪ ያሉ ከባድ ብረቶችን ያወጣል የሚባለው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የ5 ዓመት ልጅ ገድሏል። የማይገድሉትም ቢሆኑ ኪስ ያራቁታሉ።

ማጣሪያዬ ቀላል ነው። አንድ ነገር ኦቲዝምንም፣ አስምንም፣ አለርጂንም ያድናል ከተባለ፣ ማስረጃው የወላጅ ምስክርነት ብቻ ከሆነ፣ ሻጩም መርማሪውም አንድ ሰው ከሆነ፣ ተዉት። እምነትና ጸሎት የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ልጁን የሚያስር፣ የሚያስርብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን የሚያስቆም እስካልሆነ ድረስ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም።

ጎረመሰ። አሁን ምን ይለወጣል?

ሰውነቱ ያድጋል፣ እናንተ ታረጃላችሁ። በ5 ዓመቱ አቅፋችሁ የምታወጡትን በ15 ዓመቱ አትችሉትም፤ ስለዚህ ከአቅፎ ማውጣት ሌላ ዘዴ በ8 እና በ9 ዓመቱ ይለመድ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይታያል፤ ጉርምስና ደግሞ ከሚጀምርባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ለአፍታ ፍዝዝ ማለትም ምልክት ሊሆን ይችላል።

የወር አበባን፣ የፂምን፣ በር ዘግቶ ብቻ የሚደረግን ነገር አስቀድማችሁ በሥዕል አስተምሩ። የሰውነት ክፍሎችን በትክክለኛ ስማቸው ይወቁ። ማፈሩ አይጠቅምም፤ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ይልቅ ለጾታዊ ጥቃት ይጋለጣሉ፣ ሁልጊዜ "እሺ" እንዲል ብቻ የሠለጠነ ልጅ ደግሞ ለአጥቂ ይመቻል። "እምቢ" ማለትን አስተምሩት፤ በእናንተም ላይ ጭምር።

ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ቤተሰቦች ገደል የሚሉት ይህ ነው። እስከ 18 ወይም 20 ዓመት የሆነ ቦታ ይውል ነበር፤ ከዚያ ድንገት ምንም የለም። ዝግጅቱ በ14 ዓመት ይጀመር። ጥያቄውም "ምን ዲግሪ?" ሳይሆን "ጠዋት ተነስቶ የት ይሄዳል? ማን ያውቀዋል?" ይሁን። ዋናው ክህሎትም ሒሳብ አይደለም፤ ልብስ መልበስ፣ ገንዘብ መክፈል፣ ታክሲ መያዝ፣ እርዳታ መጠየቅ ነው።

የካነር የመጀመሪያው ታካሚ ዶናልድ ትሪፕሌት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1933 በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፣ በልጅነቱ ተቋም ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር፣ ወላጆቹ መልሰው አወጡት። ኮሌጅ ተማረ፣ ባንክ ውስጥ ሠራ፣ በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ለመደ፣ ዓለምን ዞረ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ ሀብታም ነበር፣ ባንኩም የነሱ ነበር፤ ይህን መዝለል ውሸት ይሆናል። ግን የከተማው ሰው ያውቀው ነበር፣ እንደ ጠባዩ ተቀብሎት ነበር፣ ሊቀልድበት የመጣን እንግዳም ያስቆም ነበር። ይህኛው በገንዘብ አይገዛም፤ ልጅን ከሰው በመደበቅም አይመጣም።

ልጄ ሲመረመር የምልክቶቹን ዝርዝር ሳይ ራሴን አየሁት። ይሆናል?

ይሆናል። ነገሩ በዘር ስለሚሄድ ብዙ ወላጅ በ40 ዓመቱ ራሱን የሚያገኘው የልጁ ሐኪም ክፍል ውስጥ ነው። መመርመር ግዴታ አይደለም። ለአንዳንዱ ግን "ለምን ሰው አደክማለሁ" የሚለው የዕድሜ ልክ ጥያቄ ይመለስለታል፣ ልጁንም ከማንም በላይ ይረዳዋል።

እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?

ሁሉም ወላጅ ሌሊት የሚያስበው፣ ቀን የማያነሳው ጥያቄ። "ከእኔ አንድ ቀን በፊት ይሙት" ብለው የሚጸልዩ አሉ። ጸሎቱን አልፈርድበትም፣ ግን ዕቅድ አይሆንም። ዕቅድ ማለት በሕይወት እያላችሁ የሚሞከር ነገር ነው። ከወላጅ ሌላ ሁለት ሰው እንዲያበላው፣ እንዲያሳድረው፣ ሐኪም ጋ እንዲወስደው አልምዱት። በ45 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቱ ውጭ የሚያድረው እናቱ በሞተችበት ሌሊት ከሆነ፣ ሁለት ሐዘን በአንድ ቀን ጫንንበት ማለት ነው።

እህት ወንድሞችን ሰብስባችሁ በግልጽ ጠይቁ። "አልችልም" የሚል ካለ አሁን ይበል፤ ዘግይቶ ከሚሰማ እምቢታ የዛሬው ይሻላል። አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ሕክምናውን፣ ሦስተኛው እሑድ መጠየቁን ሊከፋፈሉት ይችላሉ። ያ ደብተር አሁን ዋጋው ይታያል፦ በምን እንደሚረጋጋ፣ ምን እንደሚያመው፣ ማንን እንደሚወድ። ውርስን በተመለከተ ጠበቃ አማክሩ፤ በስሙ በቀጥታ የሚገባ ገንዘብ አንዳንድ ቦታ ድጎማ ያስቀርበታል፣ ለዘመድ "አደራ" ተብሎ የተሰጠው ደግሞ ወረቀት ከሌለው የዘመዱ ሆኖ ይቀራል።

ሞግዚትነትን (በሕግ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው መወሰኑን) በጥንቃቄ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከሌላው እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳለው፣ የሚያስፈልገውም ለመወሰን የሚያግዘው ድጋፍ እንደሆነ ይናገራል። ቤት ውስጥ ሲተረጎም፦ የት እንደሚኖርና ከማን ጋር እንደሚኖር እሱም ይጠየቅ፣ በቃል ካልሆነ በሥዕል፣ በሥዕል ካልሆነ ወስዶ በማሳየትና ፊቱን በማየት።

ሌላ ቦታ እንዲኖር ብናደርግ ጣልነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ሌሎቹም ልጆች አድገው ከቤት ይወጣሉ። የጣለ ቤተሰብና ያዘዋወረ ቤተሰብ የሚለዩት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሳታስታውቁ በተለያየ ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። ገላውን፣ ክብደቱን፣ ጥርሱን ተመልከቱ። ሠራተኞቹ በስሙ ይጠሩታል ወይ? በር ይቆለፍበታል? መድኃኒቱ ሳይነገራችሁ ጨምሯል? ጉብኝት በቀጠሮ ብቻ ነው የሚል ቦታ ከሆነ ልጃችሁን አታስገቡት። መሸጋገሩም እናንተ ጤነኛ ሳላችሁ ይሁን፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ተብሎ ተጀምሮ ቀስ እያለ ቢጨምር፣ ካልተስማማውም መልሳችሁ ለማምጣት አቅሙ ይኖራችኋል።